ጭስ የጠጣ ጃኬት

«በግ ነው» አልኳት።

ዘመነች ራሷን ነቅንቃ ጃኬቱን ወደ አፍንጫዬ ይበልጥ አስጠጋችው።

«እሺ፣ ፍየል ይሆናል። ብቻ እውነተኛ ቆዳ ነው። ማነው ተታለላችሁ ያላችሁ?»

«እትዬ ወለቴ፣ የቆዳውን ዓይነት እኮ አይደለም የጠየቅኩዎት። ያሽቱትና ምን እንደሚሸት ይንገሩኝ።»

ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሰው ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ እንዴት አደሩ እንኳ ሳይል፣ የባሉን ጃኬት አፍንጫ ላይ ሲደቅን ምን ተብሎ ይታሰባል? መርካቶ የቆዳ ጃኬት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያሸዋል፣ ቀጥሎ ያሸተዋል። እኔም የገበያ ፈተና መስሎኝ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩትን ሁሉ አሰባስቤ ነበር በግ ያልኩት።

ኮሌታውን ገለጥ አድርጌ አንዴ ሳብኩት። ሲጋራ ነው። ያውም እንዲሁ አልፎ ሂያጅ ሳይሆን ገበሩ ውስጥ ገብቶ ቤት የተከራየ ሲጋራ። በዚህ ነገር አፍንጫዬ አይሳሳትም። ባለቤቴ ተክለሃይማኖት ስንትና ስንት ዘመን ሲያጨስ ኖሮ ሐኪም ከልክሎት አቆመ፤ የሳሎናችን መጋረጃ ግን እስካሁን አላቆመም።

ፊቴን አይታ ዘመነች ደጃፌ ላይ ያለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

«የኔ አፍንጫ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አልተበላሸም ማለት ነው።»

ከዘመነችና ከባሏ ከፀሐዬ ጋር የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። እነሱ እሁድ በጠዋት ሲዘምሩ እኛ እንሰማለን፣ እኛ በፆም ሽሮ ስናቁላላ እነሱ ያሸታሉ፤ በዚህ ተቻችለናል። ፀሐዬ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለ አንድ ዳቦ ቤት የጋጋሪዎቹ ኃላፊ ነው። ዝምተኛ፣ ሰላምታው ረጅም፣ ቁመናው የጃኬት ማሳያ ነው። ያቺን ጥቁር ጃኬት ራሱ ቆዳ መርጦ ያሰፋት ናት። ከሰኔ እስከ ሰኔ አይለያትም፤ ሲቀልዱበት «ሁለተኛ ሚስቴ ናት» ይል ነበር። ከዚህ ሳምንት በኋላ እንዲያ ማለቱን የተወ ይመስለኛል።

ዘመነች የነገረችኝ ይህ ነው። በዋዜማው፣ እሁድ ዕለት፣ የፀሐዬ ስም ለቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌነት በጉባኤ ፊት ተነበበ። የነሱ ደንብ እንዲህ ነው አለችኝ፤ የሚሾመው ሰው ስም ይነበብና «ተቃውሞ ያለው እስከሚቀጥለው እሁድ ለመሪዎች ያቅርብ» ይባላል። ዝም ከተባለ እጅ ይጫንበታል፣ ሚስትም አጠገቡ ትቆማለች። ከጉባኤው ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ሙቀት ነበር፤ እሷም በደስታ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ጣል ያደረገችውን ራስ ወዲያው አነሳችው።

እነሱ ዘንድ ሲጋራ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ ዘንድ አጫሽ ሰው ይቆጡታል፣ ይለምኑታል፣ ሲያስል «ይበልህ» ይሉታል። እነሱ ዘንድ ግን አጫሽ ሽማግሌ ማለት፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የሚዋኝ ዶሮ ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አትጠይቂውም?» አልኳት።

«ብጠይቀው አይ ይለኛል። አይ ካለኝ ደግሞ ማመን ሊኖርብኝ ነው።»

«ማመንስ ምን ይጎዳሻል?»

«እትዬ ወለቴ፣ ተቃውሞ ያለው ሲባል እኔም እኮ ጉባኤው ውስጥ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሴትዮዋ የተጨነቀችው ባሏ አጨሰ አላጨሰ ብቻ አይደለም። የሚያጨስ ከሆነ በሚመጣው እሁድ ከጎኑ ቆማ ጉባኤውን ልታታልል ነው፤ አለዚያም በገዛ ባሏ ላይ ተቃውሞ ልታቀርብ ነው። የማያጨስ ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ሰው ጠርጥራ ከነጥርጣሬዋ አጠገቡ ልትቆም ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሦስት መንታ መንገድ አይቼ አላውቅም፤ አየር ጤና አደባባይ እንኳ ይሻላል።

እንግዲህ ምክር የተጠየቀ ጎረቤት ዝም አይልም። ጃኬቱን ሽታው እስኪጠፋ እናጽዳው አልኳት። ዕለቱ ሰኞ፣ የፀሐዬ የዕረፍት ቀን ነው፤ ጃኬቱን ልወልውልህ ብላ አስቀርታበት፣ አክስቱን ሊጠይቅ ዘነበወርቅ ሰፈር በሹራብ ሄዷል። ንጹሑን ጃኬት ማክሰኞ ለብሶ ሄዶ እንደገና ሲጋራ ሸትቶ ከመጣ ነገሩ ታወቀ። ካልሸተተም ታወቀ። ዘመነች ትንሽ አሰበችና ተስማማች። አሁን ሳስበው ፈተናው ጥሩ ነበር፤ የተበላሸው ፈታኞቹ ላይ ነው።

መጀመሪያ እሷ በኦሞ ልጠበው አለችና በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሸችው። ቆዳው ሲደርቅ እጅጌው ቋንጣ መሰለ። ተክለሃይማኖት በመስኮት ሆኖ ሲያየን ቆይቶ፣ ቆዳ እንዲህ እንደማይደረግ፣ ጥላ ላይ ተሰቅሎ ቀናት ሙሉ ነፋስ ሊመታው እንደሚገባ፣ ቀጥሎም ቅባት እንደሚሻ ተናገረ። ቀናት የለንም አልነው። እንግዲያውስ ጃኬትም አይኖራችሁም ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ቅባቱን እንኳ ሰማነው፤ ቫዝሊን ቀባንለት። ጥላውን ግን አልሰማንም። ከአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣነው። እኔ ፀሐይ ሽታ የሚያጠፋ ይመስለኝ ነበር። ለጥጥ ፍራሽ እንዲያ ነው፤ ቆዳ ግን ሌላ ነው። ቆዳ ጭስ ይጠጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ የጠጣውን ያወጣል። እኩለ ቀን ላይ ጃኬቱ ግሎ ሲጋራው እንደ አዲስ ተነሣ፤ ደጃፋችን ድራፍት ቤት መሰለ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ እያየኝ ሲሄድ፣ ለባለቤቴ ስንት ዓመት ያላፈርኩትን ያን ቀን ለጎረቤት ባል አፈርኩ።

ዘመነች አለቀሰች። እኔ ለቅሶ አልችልም፤ ሰው ሲያለቅስ አጠገቤ ያለውን ነገር ሁሉ ነው የማደርገው። አጠገቤ የነበረው ደግሞ ወይባ ነው።

ወይባ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንጨት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ይጨስና ሴት ተሸፋፍና ከላዩ ትቀመጣለች። አራስ ትሞቀዋለች፣ ሙሽራ ትሞቀዋለች፣ እንደኔ ጉልበቷን ቁርጥማት የያዛትም ትሞቀዋለች። ከማድ ቤቴ ጓዳ ጉድጓድ አለኝ፤ ሰኞ ሰኞ እሞቃለሁ። አስተሳሰቤ እንዲህ ነበር፤ እናቴ ጎጃም የወተት ዕቃ ሲሸታት በውኃ አጥባ ብቻ አትተወውም፣ በወይራ ታጥነዋለች፤ መጥፎውን ሽታ ደህናው ጭስ ያባርረዋል። ወተት ዕቃ ከታጠነ ጃኬት የማይታጠንበት ምክንያት አልታየኝም። ዘመነችን ቤቷ ገብታ ፊቷን እንድትታጠብ ላክኋትና ጃኬቱን እኔው ጓዳ ሰቀልኩት። ቆዳው እሳት እንዳይነካው ከፍ አድርጌ ነው የሰቀልኩት፤ ያን ያህል አእምሮ አለኝ።

አመሻሽ ላይ ስሰጣት ጃኬቱን አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ በዚያ ባለቀሰ ፊቷ ሳቋ አመለጣት።

«እትዬ ወለቴ፣ አራስ ቤት ሸተተ እኮ!»

«ሲጋራውስ?»

«ሲጋራው ጠፍቷል። ግን ባሌ የወለደ መሰለ።»

ፀሐዬ እንዳያውቅ አልሰጋንም። ዱቄት ለዓመታት የሳበ አፍንጫ ነው፤ ሳይነስ አለብኝ ይላል። ዳቦ ሲያርርበት እንኳ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ማክሰኞ ጃኬቱን ደረብ አድርጎ ሲወጣ በአጥሩ ሰላም አለኝ፤ ቆዳው ወዛም ሆኗል፣ ዘመነች ምን ቀብታልኝ ነው ብሎ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ።

ማታ ሲመለስ ዘመነች ጃኬቱን ከበሩ ላይ ተቀብላ አሸተተችው። ሲጋራ የሸተተ መሰላት። ደግማ ብታሸት ወይባ ሆነ። ኮሌታው ወይባ፣ ገበሩ ሲጋራ፣ ብብቱ ዳቦ። ረቡዕ በጠዋት አመጣችልኝና እኔም ሞከርኩ፤ እኔም ጠፋኝ። የድሮው ሲጋራ ከሥር ብቅ ብሎ ይሁን አዲስ ይሁን የሚለይ አፍንጫ አልተፈጠረም። ተክለሃይማኖትን ጠራነው። አሸተተና ሲጋራ ማጨስ አማረኝ አለ፤ ከዚያ በቀር ምስክርነት አልሰጠም።

ሳምንቱ እንዲሁ በመንታ ልብ ሄደ። ዘመነች በጠዋት «አያጨስም» ትለኛለች፣ በማታ «ያጨሳል» ትለኛለች። ኪሱን ፈተሸች፤ ክብሪት የለም። ጣቱን አየች፤ ሊጥ ነው። ጠጋ ብላ ትንፋሹን ልታሸት ስትል ሰውየው ሌላ ነገር መስሎት ሳማት። ይህን ስትነግረኝ አፍራ ነው፤ እኔ ግን ለሰው አልናገርም ብዬ አልማልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ዘመነች በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዎች መጥተዋል፣ በፀሐዬ ላይ ተቃውሞ ቀርቧል፣ እርስዎ ቶሎ ይምጡልኝ አለችኝ። አንቺ ነሽ ያቀረብሽው አልኳት። አይደለሁም አለች። ታዲያ ማን? ይምጡ ብቻ አለች። ነጠላዬን ሳላጣፋ ገባሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ከመሪዎቹ አንዱ ወንድም አምላኩ፣ ፀጉሩ የሸበተ ረጋ ያለ ሰው፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። አጠገቡ እህት ሩሃማ አለች፤ የነሱ የማክሰኞ የጸሎት ቡድን የሚሰበሰበው ቤቴል ሰፈር እሷ ቤት ነው። ፀሐዬ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግራ ገብቶታል። ጃኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደ አንድ ሰው ያዳምጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ፀሐዬ ከሥራ በቀጥታ ወደ ጸሎቱ ሄደ። ክፍሉ ጠባብ፣ በሩ ዝግ፣ ሰዉ ብዙ። ጃኬቱ ሞቀ፤ የጠጣውን ማውጣት ጀመረ። እህት ሩሃማ ደግሞ እንደኔው ትውልዷ ጎጃም ነው። ያን ሽታ አወቀችው፤ እናቷ በወለደች ቁጥር ቤታቸው የሚሸተው ሽታ ነው። አንድ ለሽማግሌነት የታጨ ወንድም፣ ሚስቱ ያልወለደች፣ ወይባ ሸትቶ ጸሎት መጣ። ሴትዮዋ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥታ አራተኛው ላይ ለመሪዎች ተናገረች። አልፈርድባትም፤ እኔ ብሆን ያንኑ ምሽት ነበር የምናገረው።

ፀሐዬ ሆሳዕና ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። «ወይባ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ የእውነቱን ነበር፤ እነሱ ግን ያልገባው ለመምሰል የፈለገ መሰላቸው። ወንድም አምላኩ በጣም እያዘነ፣ ወደ የትኛዋ ሴት ቤት እንደሚገባ ጠየቀው።

እኔ መቻል አቃተኝ።

«ጭሱ የኔ ነው» አልኩ።

ይሻላል ብዬ የተናገርኩት ነገሩን ይበልጥ እንዳባሰው የገባኝ እህት ሩሃማ ከእግሬ እስከ ራሴ ስታየኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ዓይነት አስተያየት ሲያርፍብኝ፣ ላፍር ወይስ ላመስግን ማወቅ አቃተኝ።

«ወንድም ፀሐዬ እርስዎ ቤት ይገባል?» አለኝ ወንድም አምላኩ።

«እሱ አልገባም። ጃኬቱ ነው የገባው።»

«ጃኬቱ ብቻውን?»

«ሚስቱ አምጥታው ነው።»

ሁላቸውም ወደ ዘመነች ዞሩ። እህት ሩሃማ ጃኬት ወይባ የሚሞቅበትን ምክንያት እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ቁርጥማት ይዞት ነው እንዴ አለች። ያኔ ነው ወጥመዱ የታየኝ። ሰውየውን ከሴቲቱ ላነጻው ከሆነ ለሲጋራው አሳልፌ ልሰጠው ነው። ከሲጋራው ላድነው ከሆነ ከሴቲቱ ጋር ሊቀር ነው፤ ሴቲቱ ደግሞ እኔ ነኝ። አየሩ ጥሩ ነው ልል ነበር።

ዘመነች ተነሥታ ጃኬቱን ከግድግዳው አወረደችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«ሲጋራ ሸትቶኝ ነው» አለች፣ ሰዎቹን ሳይሆን ባሏን እያየች። «ስምህ የተነበበ ዕለት። ላጠፋው ብዬ እትዬ ወለቴ ጋ ወሰድኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሳሸትህ ነበር፣ ፀሐዬ። ታጨሳለህ?»

ፀሐዬ ሲመልስ ድምፁ የተቆጣ ሳይሆን የተምታታ ሰው ድምፅ ነበር። አላጨስም፣ አጭሼም አላውቅም አለ። ዳቦ ቤት ዱቄቱ ጃኬቱን ነጭ ያደርገዋል፣ የምድጃው ሙቀት ደግሞ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ በጠዋት አውልቆ ከበሩ ጥበቃ ክፍል ይሰቅለዋል። ጥበቃው ደሜ ይባላል። ደሜ ያጨሳል። ክፍሏ የቆርቆሮ ሳጥን ናት፣ መስኮት የላትም። ቀኑን ሙሉ ጃኬቱና ደሜ አብረው ይውላሉ። እሱ ራሱ ሽታ ስለማይሸተው አስቦትም አያውቅ።

እኔ እፎይ አልኩ። ወንድም አምላኩም እጁን ፈታ። እህት ሩሃማ ግን እንዲያው ለማረጋገጥ ለደሜ ቢደወልለት አለች፤ ተቃውሞውን ያቀረበችው እሷ ናትና በደንብ ቢዘጋላት ደስ ይላታል። ፀሐዬ ምንም ሳይጠራጠር ስልኩን አወጣ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ደሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። እዚያ ክፍልህ ውስጥ ሲጋራ ታጨሳለህ አይደል?»

ከወዲያ በኩል መኪና ሲያልፍ ተሰማ።

«እኔ?» አለ ደሜ። «ኧረ ጋሼ፣ አቁሜያለሁ እኮ። እርስዎ አይደሉ እንዴ ባለፈው ፋሲካ ጸልየው ያስቆሙኝ? ሳልነግርዎት ቀረሁ እንጂ ከዚያ ወዲህ እጄም አልነካው።»

ይህን ብሎ ሳል ያዘው። ሳሉ ረዘመ። ያንን የአጫሽ ሳል ከተክለሃይማኖት አውቀዋለሁ፤ ግን ሳል ምስክር አይሆንም፣ ጉንፋንም ያስላል። ፀሐዬ ስልኩን እያየ ቀረ። ፊቱ ላይ የነበረውን ልግለጸው ብል አልችልም፤ ጸሎቱ በመሥራቱ ሊደሰት የሚገባው ሰው እንደዚያ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። ደሜ ዋሽቶ ከሆነ የዋሸው እሱን እንዳያሳዝን ነው። እውነቱን ከሆነ ደግሞ ጃኬቱ ያን ሁሉ ጭስ ከየት ጠጣ? ፀሐዬ ደህና ዋል ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወንድም አምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ። እጅ መጫኑ ለነገ እንደማይሆን፣ ነገሩን መሪዎች እንደሚያዩት፣ እስከዚያው እንደሚጸልዩ ተናገረ። እህት ሩሃማ አንገቷን ደፍታ፣ እኔ ያሸተትኩት ወይባ ብቻ ነበር ስትል ለራሷ ነበር የተናገረችው። ጸልየው ወጡ። እኔም አብሬ ልወጣ ተነሣሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው የተነሣሁት፣ ጉልበቴም ነው፣ ጆሮዬም ነው።

ፀሐዬ ከበርጩማው አልተነሣም።

«ዘመነች» አለ። «እነሱስ ይጸልዩ። አንቺ ግን ታምኚኛለሽ?»

ዘመነች ጃኬቱን በሁለት አጠፈችው፣ ቁምሳጥኑን ከፍታ ከውስጥ አኖረችውና ቆለፈች።

«ማክሰኞ ያለ ጃኬት ትሄዳለህ» አለችው። «ማታ አንተን አሸትሃለሁ።»